ከባሕር ዳር ርቆ ለሚነዳ የትኛው ጂፒኤስ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

እንግዶችን በመኪና የማመላልስ በመሆኔ ስለ ጂፒኤስ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአለሁ።

ጥያቄ፦ ስልክ እያለኝ ሌላ መሣሪያ ለምን እገዛለሁ? ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ መንገድ አያሳይም ይሉኛል።

መልስ፦ ስልክዎ ያሉበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ነው፤ ሲም ካርድ ባይኖረውም ያውቃል። ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚጠፋው ካርታው ነው። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ኦስማንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ በሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ያውርዱ፤ ከዚያም ዳታውን ዘግተው ከተማ ውስጥ ይሞክሩት። ለአብዛኛው መንገደኛ ይህ ይበቃል። የተረፈውን ገንዘብ ለመጠባበቂያ ጎማ ቢያውሉት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጋርሚን የሚባለው በእጅ የሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ ለማን ነው?

መልስ፦ መኪናውን አቁሞ ወደ ጉና ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች በእግሩ ለሚወጣ። ብዙዎቹ ኢትሬክስ የሚባሉት የጋርሚን ሞዴሎች የሚሠሩት በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ እሱ ደግሞ በየሱቁ አለ። ዝናብ አይበግራቸውም። ከውጭ ሲመጡ ግን የአገራችን ዝርዝር ካርታ ላይኖራቸው ይችላል፤ ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው የነፃ ካርታ የተሠራውን በነፃ አውርዶ መጫን ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ልታመጣልኝ ነው።

መልስ፦ ሻንጣዋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስለ ፈቃድ ጉምሩክን ትጠይቅ። ተራ ጂፒኤስ ተቀባይ ብቻ ነው፤ ይኸኛው ግን ስለሚያሰራጭ እንደ ሳተላይት ስልክ ሊታይና አውሮፕላን ማረፊያ ሊያዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የቆየ 1፡50,000 ካርታ ይዤ ወጣሁ። ጂፒኤሱና ካርታው ወደ 200 ሜትር ይለያያሉ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መሣሪያህ ደህና ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ (ዳተም) ሲሆን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። የሁለቱ ልዩነት በእኛ አካባቢ 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በገደል አፋፍ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ንባቡ ከካርታው ጋር እንዲገጥም ከመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ የቦታ አጻጻፉን ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጸው ዘዴ)፣ ዳተሙን አዲንዳን አድርገው። የጣና ዙሪያ በሙሉ በዩቲኤም ዞን 37 ውስጥ ነው። ንባቡን ለጓደኛህ ስትሰጥ የዳተሙን ስም አብረህ ጻፍለት፤ አለዚያ ስሕተቱ ወደ እሱ ይተላለፋል። ይህን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው፤ ጠይቀህ ደስ አሰኘኸኝ።

ጥያቄ፦ ጀልባ አለኝ። ሐይቁ ላይ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ በጣም። በጠዋት ስትወጣ የሄድክበትን መስመር እንዲመዘግብ አድርግ፤ ከደቅ ደሴት ስትመለስ ቢመሽብህ በዚያው መስመር ተመለስ። ወደ መነሻህ ቀጥታ የሚያሳይህን ቀስት ብቻ አትከተል፤ ቀስቱ ደንገሉንም ድንጋዩንም አያውቅም።

ጥያቄ፦ ስልኩ የሚነግረኝን የመድረሻ ሰዓት ልመን?

መልስ፦ በአስፋልት ላይ በመጠኑ። በክረምት ግን ፎገራና ደንቢያ ዋልካ መሬት ናቸው፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ካርታው ላይ ግን መንገዱ በጋም ክረምትም ያው መስመር ነው። መንገድ መዘጋቱንም ቢሆን ቶሎ አይነግርዎትም። መናኸሪያ ሄደው በዚያ በኩል የገባ የአይሱዙ ሾፌር ይፈልጉና ሻይ ይጋብዙት።

ጥያቄ፦ ስልኩን የት ላስቀምጠው?

መልስ፦ የመኪናው አየር ማስወጫ አጠገብ። ከፊት መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ ከተውት ግሎ ይጠፋብዎታል።