ዕድሜውን ሳታዩ ወደ ምርጫው አትሂዱ፦ የሕፃናት ነርሲንግ ጥያቄና መልስ ከድሬ

ለላይሰንስ ፈተና የምትዘጋጁ ተመራቂዎች ጥያቄያችሁ ደርሶኛል። ድሬዳዋ ውስጥ በሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በድሬ ወግ «አንቺ» በሉኝ፣ ደስ ይለኛል።

ሲስተር፣ ፈጣን አተነፋፈስ የሚባለው ስንት ነው? ሁሌ ይምታታብኛል።

ቁጥሩን ለብቻው ስለምትሸመድደው ነው። ከዕድሜው ጋር ያዘው። ከ2 ወር በታች በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ። 44 ጊዜ የሚተነፍስ የ8 ወር ልጅ ደህና ነው፤ የ2 ዓመት ልጅ ከሆነ ግን ፈጣን ነው።

አቆጣጠሩም ይጠየቃል። ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው፤ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት የለም። እኔ ልጁን ከእናቱ እቅፍ አላወጣውም። ልብሱን ቀስ ብዬ ከፍ አደርግና ሆዱን እያየሁ እቆጥራለሁ። ካለቀሰ ትቼው እስኪረጋጋ እጠብቃለሁ። ከ2 ወር በታች ሆኖ 60ና ከዚያ በላይ ከመጣ ደግመህ ቁጠር።

ፕላን ሲ ስሌቱ ላይ እወድቃለሁ። በምሳሌ አሳዪኝ።

እሺ እህቴ። ፕላን ሲ ማለት ፈሳሽ ክፉኛ ላነሰው ልጅ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ነው። የ10 ወር ልጅ፣ 8 ኪሎ፣ ተቅማጥ አለው። ፈዟል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሆዱ ላይ ቆዳውን ስትቆነጥጪው ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ይሄ ከባድ የፈሳሽ እጥረት ነው። በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት በደም ሥር ይሰጣል፤ በድምሩ 800። መጀመሪያ በኪሎ 30፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር በ1 ሰዓት። ቀሪው በኪሎ 70፣ ማለትም 560 በ5 ሰዓት። ቱቦው በ20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሰዓት በደቂቃ 80 ጠብታ ይሆናል፤ ከዚያ 37 ገደማ።

ልጁ 12 ወር ከሞላው ሰዓቱ ያጥራል፦ 30 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 2 ሰዓት ተኩል።

አንድ ነገር አደራ። ክንዱን ለኪ። ከ6 ወር በላይ ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። ለእሱ ይህ ስሌት አይሠራም። ፈሳሽ በፍጥነት ከገባበት ልቡ አይችለውም።

እርግብግቢት መቼ ይዘጋል?

የኋላው በ2 እና 3 ወር አካባቢ፣ የፊተኛው ከ12 እስከ 18 ወር።

ትኩሳት ላለው ልጅ አስፕሪን የሚል ምርጫ ቢመጣስ?

አትንኩት። በቫይረስ በታመመ ልጅ ላይ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ሬይ ሲንድሮም ሊያመጣ ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ ዴንጊ የሚባል በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ አለ፤ ድሬ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ታውቀዋለች። ዴንጊ በተጠረጠረበት ልጅ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም መድማትን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስጡ። የወባ ምርመራውንም አትዝለሉ።

ሁለት ሳምንት ቀረኝ፣ ሁሉም ተደበላለቀብኝ። ከየት ልጀምር?

ከአደገኛ ምልክቶች ጀምሪ፣ የኔ እህት። መጠጣት ወይም ጡት መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። አንዱ ብቻ ከታየ ልጁ በአስቸኳይ ይላካል። ጥያቄው ሳል ይበል ተቅማጥ፣ ከእነዚህ አንዱ ውስጡ ከተጻፈ «ቤት ወስዳችሁ አስታሙት» የሚለውን ምርጫ ወዲያው ሰርዢው።