የባቱ ግራር በጅማ ዝናብ ቢጫ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጂሬን ነው። ባቱ (ዝዋይ) አጠገብ ካለው የአባቴ ማሳ የግራር ፍሬ አስለቅሜ፣ ለቡና ችግኝ በምንጠቀምበት ፕላስቲክ፣ በጫካ አፈርና በፍግ አፈላሁ። የከርሞ ክረምት እዚያው ማሳው ላይ ልተክለው ነው። በበጋው ያምር ነበር፤ ሰኔ ከገባ ወዲህ ግን የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ጎረቤቴ «ዩሪያ በጥብጠሽ አጠጪው» ትለኛለች። ከቡናው የተረፈ ኤንፒኤስ ማዳበሪያም አለኝ። የትኛውን፣ ምን ያህል ልስጠው?
ስሜ ይቆይ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ዩሪያውን ለበቆሎው ያቆዩት።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ባቱ የዚህን ግማሽ ቢያገኝ ነው። የጫካ አፈርና ፍግ ደግሞ ውኃ ይዞ ቶሎ አይለቅም። ለቡና ደግ ነው፣ ለቆላ ግራር ግን መታፈኛው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው ረሃብን ሳይሆን ውኃን ነው። ክፉኛ ከታመሙት አንዱን ይሠዉ፤ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደው አፈሩን በጣትዎ ያራግፉ። ሥሩ ጠቁሮ ሲጎትቱት ልጡ ከተላቀቀ፣ አፈሩም የረግረግ ሽታ ካለው፣ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ነው። የበሰበሰ ሥር ማዳበሪያ አይስብም፤ ጨውነቱ የተረፈችውንም ሥር ያቃጥላታል።

ሥሩን እንደያዙ ትንንሽ እብጠቶችን ይፈልጉ። በጥፍርዎ ሲሰነጥቋቸው ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ ግራሩ ከባክቴሪያ ጋር ተጋግዞ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ነው። 46 በመቶው ናይትሮጅን የሆነውን ዩሪያ ሲያጠጡት ይህን ሥራ ይተዋል። ቅጠሉ ለጊዜው ይፋፋል፣ ጎረቤትዎም «አላልኩሽም?» ይላሉ፤ ግንዱ ግን ለስላሳ፣ ሥሩም አጭር ሆኖ ይቀራል። እንዲህ የቀበጠ ችግኝ የባቱን በጋ አይሻገርም።

እብጠት ካጡ፣ አባትዎ ማሳ ከትልቁ ግራር ሥር አንድ ማዳበሪያ አፈር ያስመጡ (ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ነው!)። ለየችግኙ አንድ አንድ እፍኝ ከላይ ሲያለብሱት ባክቴሪያው አብሮት ይመጣል። የጅማ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ ይህ ባክቴሪያ እንደልብ አይራባበትም፤ ለከርሞ ስታፈሉ ለአንድ ባልዲ አፈር አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ፣ ከአፈሩም ግማሹን የወንዝ አሸዋ ያድርጉት። አሁን ግን አፈር ልቀይር አይበሉ፤ ግራር ዋና ሥሩ ሲነካ ይቀየማል። ይልቅ ፕላስቲኩን ከታች በሚስማር ይብሱት፣ ከመሬት አንስተው የቀርከሃ አልጋ ላይ ይደርድሩት፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ወጥረው ጎኖቹን ክፍት ይተዉ። ውኃ የሚያጠጡት አፈሩ እስከ ጣት ጥልቀት ሲደርቅ ብቻ ነው።

ኤንፒኤሱስ? ቀይ አፈር ፎስፈረስን አንቆ ስለሚይዝ፣ እብጠቱም ያለ ፎስፈረስ ስለማይሠራ፣ ከዩሪያው እሱ ይሻላል፤ በመቶኛ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ድኝ ነው። መስከረም ላይ የበዛው ውኃ ጠፍቶለት አዲሱ ቅጠል አሁንም ከገረጣ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳይከመር በ20 ሊትር ጀሪካን ዘፍዝፈው ያሳድሩና ጠለል ያለውን አንዴ ያጠጡት። አተላውን ለቡናው። ያልተብላላ የቡና ገለፈትና የዶሮ ኩስ ግን በጭራሽ።

ሥሩ ከፕላስቲኩ ሥር ብቅ ሲል አንስተው ይቁረጡት፤ መሬት ከያዘ በኋላ ሲነቅሉት ይደነግጣል። ከመትከልዎ ሁለት ወር በፊት ጥላ ሠርተውለት ከሆነ አንስተው፣ የዝናብ ላስቲኩን ግን እንደተወጠረ ትተው፣ ውኃውን እያራራቁ ያጠንክሩት። ጉድጓዱ ውስጥ ማዳበሪያ አይጨምሩ። ለዚያ ያሰቡትን ገንዘብ ለእሾህ አጥር ያውሉት፤ የባቱ ፍየል እንዲህ ያለ ለጋ ቅጠል ካገኘች አትምርም።