ከአውሮራ እስከ በረዶው ተራራ፦ ስለ ስኪ የጠየቃችሁኝ

ዴንቨር (ኮሎራዶ) አጠገብ ባለችው አውሮራ ደጃችን ላይ ቆመን ወደ ምዕራብ ስናይ ተራራው ነጭ ለብሶ ይታያል። ብዙዎቻችን ግን ሃያ ዓመት እዚህ ኖረን አንድ ቀን አልረገጥነውም። «የሀብታም ነገር ነው»፣ «የፈረንጅ ጨዋታ ነው» እንላለን። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ ረጅም ጣውላ አስሮ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ልጆቼም እዚያው አድገዋል። ባለፈው ሳምንት «ጠይቁኝ» ብያችሁ ነበር፤ የመጡትን እነሆ መለስኩ። ሰዓቱን ሁሉ በሀበሻ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች ነን፤ 5 እና 9 ዓመታቸው ነው። ማናችንም ስኪ ነክተን አናውቅም። ብሬክንሪጅ አስበን ነበር፤ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ብሬክንሪጅ ቆንጆ ከተማ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ግን አልመክራችሁም። ተራራው ትልቅ ነው፤ ሰው ይበዛዋል፤ ልጅና ዕቃ ተሸክሞ ብዙ መንገድ መሄድም አለ። ላቭላንድ ሂዱ። ከዴንቨር 53 ማይል ነው፤ አይዘንሃወር ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት እዚያው አፉ ላይ ታገኙታላችሁ። ነፃ የመኪና ማቆሚያ አለው። ላቭላንድ ቫሊ የሚባል ለጀማሪ የተለየ ሜዳም አለው፤ ፈጣን ሰው ከኋላ እየበረረ አይመጣባችሁም። ትምህርቱን፣ የዕቃ ኪራዩንና የጀማሪ ሊፍት (ተራራው ላይ የሚያወጣችሁ በገመድ የሚሄድ ወንበር) ቲኬቱን በአንድ ላይ ይሸጡላችኋል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ልጆቹን ራሳችሁ ለማስተማር አትሞክሩ። ከሌላው ወጪ ቀንሳችሁ ለአሰልጣኝ ክፈሉ። ትልቋ ልጄ አምስት ዓመቷ እያለ የመጀመሪያ ትምህርቷን ከአጥሩ ዳር ቆሜ ሳይ ነበር። አሰልጣኟ መጀመሪያ ስኪውን አወለቀችላትና በጫማው ብቻ በረዶው ላይ አስኬደቻት። ቀጥሎ አንድ እግሯ ላይ ብቻ አሰረችላትና በሌላው እየገፋች እንድትንሸራተት አደረገች። ሁለቱንም ያሰረችላት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ነው። ከዚያ ማጂክ ካርፔት ላይ አወጣቻት፤ እንደ ገበያ ማዕከል ተንቀሳቃሽ ደረጃ ቆማችሁ የሚወስዳችሁ ምንጣፍ ነው። «ፒዛ ሥሪ!» ስትላት የስኪዎቿን ጫፍ አገናኝታ ኋላቸውን ከፈተች፤ ቆመችም። እኔ ብሆን በቀጥታ ሊፍት ላይ አውጥቼ አስለቅሳት ነበር።

ጥያቄ፦ ስንት ነው የሚፈጀው? ሰው ሁሉ ውድ ነው ይላል።

መልስ፦ በዕለቱ እዚያው ሄዳችሁ ከገዛችሁ ውድ ነው። በትልልቆቹ ሪዞርቶች በበዓል ሰሞን የአንድ ቀን ሊፍት ቲኬት ለአንድ ሰው ከ200 ዶላር ያልፋል። እንዳትሸወዱ፤ ቀድማችሁ ግዙ። ፓስ ማለት ቀድማችሁ ገዝታችሁ ብዙ ሪዞርት የምትገቡበት ካርድ ነው፤ ብሬክንሪጅ፣ ኪስቶንና ቬይል በኤፒክ ፓስ ይገባሉ፤ ዊንተር ፓርክና ኮፐር በአይከን ፓስ። ኤፒክ ለሙሉ ወቅቱ ብቻ ሳይሆን ለጥቂት ቀናትም ይሸጣል፤ ነገር ግን ሽያጩ ዲሴምበር መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል። በዓመት አንዴ ለምትሄዱ ፓሱ ይቅርባችሁ፤ የጀማሪ ጥቅሉ ይበቃችኋል።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ሰው የማይበዛው?

መልስ፦ እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ድረስ ተራራው ጢም ይላል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲደርስ እነሱ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ከገናችን በኋላ ባሉት ቀናት፣ በተለይ በሥራ ቀን፣ የሊፍት ሰልፉ ቀላል ነው። የጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን ደግሞ ይጨናነቃል።

ጥያቄ፦ ከዲሲ ነው የምመጣው። መኪና ልከራይ ወይስ ሌላ አማራጭ አለ?

መልስ፦ ከተከራየሽ ጎማውን ሳታዪ ከኤርፖርት አትውጪ። ሀይዌይ 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ሕግ አለ፦ ወይ የበረዶ ጎማ ወይም ኤም ኤንድ ኤስ (M+S፣ ለጭቃና ለበረዶ) የሚል ምልክት ያለበት፣ ወይ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና፣ ካልሆነም ሰንሰለት። የጎማው ጥርስ ጥልቀትም 5 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ከቅጣቱ በላይ ግን የሰው ነፍስ ነው፤ አንድ ጎማው ያለቀ መኪና ሲንሸራተት መንገዱ በሙሉ ይዘጋል።

ካልተከራየሽም አይዞሽ። በዊንተር ወራት ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ወደ ዊንተር ፓርክ ባቡር አለ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የሚያወርድሽም እዚያው ሊፍቱ ሥር ነው። 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የሞፋት ዋሻን ሲያልፍ ለደቂቃዎች ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። እኔ ከልጆቼ ጋር ስሄድ ከስኪው እኩል የምንወደው ይሄንን ነው።

ጥያቄ፦ ጂንስ ለብሶ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጂንስ ለብሼ ነበር። ሁለቴ ስወድቅ ሱሪው ረጠበ፤ ሊፍት ላይ ነፋሱ ሲመታው ደግሞ ጉልበቴ ላይ እንደ ቆርቆሮ ደረቀ። ጥጥ ውሃ ይይዛል፤ ሲረጥብ ያቀዘቅዛል። ከሥር ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ መሃል ላይ ፍሊስ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ሱሪውን ከጎረቤት ተዋሱ፤ ለአንድ ቀን ብላችሁ አትግዙ። ሄልሜት ለሁላችሁም። የጸሐይ ክሬምም ተቀቡ፤ ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን ተዉት። ትኩስ በረዶ ጨረሩን እስከ 80 በመቶ ወደ ፊታችሁ ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ ኪራይ ቤቱ ኪሎዬን ጠየቀኝ። ለምንድነው?

መልስ፦ እውነቱን ንገራቸው! ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ስትወድቅ እንዲፈታ የሚስተካከለው በክብደትህ፣ በቁመትህ፣ በዕድሜህ፣ በጫማህ ርዝመትና በችሎታህ ነው። አጥብቀው ካሰሩት ስትወድቅ አይለቅህም፤ የሚጎዳው ጉልበትህ ነው። አላልተው ካሰሩት በመንገድ ላይ ይወልቃል። ካልሲ ደግሞ አንድ ቀጭን ብቻ። ሁለት ከደረብክ እግርህ ይጨነቅና የበለጠ ይበርድሃል።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ 68 ዓመታቸው ነው። ስኪ ባይጫወቱም ይዣቸው ልሂድ? ከፍታው አያስቸግራቸውም?

መልስ፦ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ደስ ይላቸዋል። ለእሳቸው ነው ብሬክንሪጅ የሚመቸው። ከተማው ውስጥ የሚነሳው ጎንዶላ (በገመድ የሚሄድ ዝግ ክፍል) ነፃ ነው፤ በመስኮቱ እያዩ ይወጣሉ። ከፍታውን በተመለከተ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ ብሬክንሪጅ ከተማ 2,900 ያልፋል። ከባሕር ዳርቻ ከተማ ለሚመጣ ሰው ከባድ ነው፤ ለእሳቸው ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ብዙ ወር ዴንቨር ከቆዩ ግን 1,600 ሜትር ለምደዋልና ቀስ ይበሉ። ውሃ በደንብ ይጠጡ። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሪ።

ጥያቄ፦ በጾም ምን እንብላ?

መልስ፦ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ከስኪው ወቅት ጋር ይገጥማል። ምስር ወጥ በፔርሙዝ፣ ዳቦ፣ ሻይ። ኪሳችሁ ውስጥ ቆሎ። የፈረንጁ ኢነርጂ ባር በብርድ ድንጋይ ይሆናል፤ ቆሎ ምንም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያዊ ስኪ ተጫዋች አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ! ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ነው። በ2006 ቶሪኖ ላይ በዊንተር ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ በ2010 ቫንኩቨርም ተሰልፏል። የእሱ ስኪ ቁልቁል የሚወረድበት ሳይሆን ሜዳና ዳገት የሚኬድበት የረጅም ርቀቱ ዓይነት ነው። ለልጆቻችሁ ስሙን ንገሯቸው። የእኔ ልጅ ስትሰማ «ባንዲራችንን ይዞ ገባ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ወጥተን ስንት ሰዓት እንመለስ?

መልስ፦ ቅዳሜ ከሆነ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ውጡ። ሊፍቱ 10 ሰዓት ላይ ሲዘጋ ሁሉም በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ይወጣል፤ የአንድ ሰዓቱ መንገድ ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ጀማሪ ደግሞ 8 ሰዓት ላይ እግሩ ይደክመዋል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም ደክሞት «አንዴ ብቻ ልድገም» ሲል ነው። 8 ሰዓት ላይ ጫማውን አውልቁ፣ ልጆቹን ደረቅ ካልሲ ቀይሩላቸው፣ የቀረውን ሻይ መኪናው ውስጥ ጠጡና ተነሱ።