ከማሳዬ በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ትሬንች ልቆፍር?

ጠያቂው በደብረ ሲና አካባቢ ገብስና ባቄላ የሚያመርቱ አባት ናቸው። ከማሳቸው በላይ ተዳፋቱ ላይ ስንጥቅ ወጥቷል፤ አጥሩም ወደ ቁልቁል ዘሟል። «ልጄ ሳተላይት መሬት ሲንሸራተት ያያል ይለኛል። እውነት ነው? እኔስ ትሬንች ቆፍሬ ላቁመው?» ይላሉ።

አባቴ፣ በመጀመሪያ ትሬንቹን ይተዉት። ትሬንች ውሃ ይዞ ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ደህና መሬት ላይ በጣም ጥሩ ነው። እየተንሸራተተ ባለ ተዳፋት ላይ ግን ውሃው አፈሩን ያከብደዋል፣ ከሥር የያዘውንም ያላላዋል። ለእርስዎ የሚሻለው ከስንጥቁ በላይ ጎርፉን ተቀብሎ ወደ ጎን የሚያወጣ መቀልበሻ ቦይ ነው። መውጫው የጎረቤት ማሳ እንዳይሆን ተነጋገሩበት። ስንጥቁን ሸክላማ አፈር ሞልተው ጠቅጥቁት።

ልጅዎ ልክ ነው። ሴንቲኔል-1 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት የራዳር ሞገድ ይልካል። ደመናም ሌሊትም አያግደውም። አንዱ ሳተላይት በ12 ቀን ተመልሶ በዚያው መስመር ያልፋል። የሁለቱ ጊዜ ሞገድ ሲነጻጸር መሬቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ቢንቀሳቀስ እንኳ ይታወቃል። ሰብል ግን ያስቸግረዋል። ገብሱ ያድጋል፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ምልክቱም ይረበሻል። ቋጥኝና የቤትዎ ቆርቆሮ ጣሪያ ከማሳው ይልቅ ጥርት ብለው ይታያሉ። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚወርድ ተዳፋትም በደንብ አይታየውም።

ደግሞ 12 ቀን ረጅም ነው፤ ናዳ ሳተላይቱ እስኪመለስ አይጠብቅም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የመሬት ናዳ የሆነውን ሰምተዋል። የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጠውን ሰው ሁለተኛው ናዳ ቀበረው። እዚያው እናንተ ዘንድ በ1998 ዓ.ም. መስከረም የደረሰውንማ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ናዳው የመጣው ክረምቱ መሬቱን ካጠገበው በኋላ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ችካል ይትከሉ፤ አንዱን ከስንጥቁ በላይ፣ አንዱን በታች። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየሳምንቱ በመለኪያ ሜትር ይለኩ፤ ልጅዎ ደብተር ላይ ይጻፈው። ክረምት ሲገባ በየቀኑ ይለኩ። ደብተሩን ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ አሳይተው የጂኦሎጂ ባለሙያ እንዲመጣ ይጠይቁ። ሳተላይቱን የሚያነብ ባለሙያም የእርስዎን ልኬት ይፈልገዋል።

ርቀቱ ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ፣ አዲስ ምንጭ ከፈለቀ ወይም የምንጩ ውሃ ከደፈረሰ ግን ማንንም አይጠብቁ። ቤተሰቡንም ከብቱንም ይዘው በዚያው ቀን ከተዳፋቱ ሥር ይውጡ። ማታ ዝናብ ከጠነከረም ከዘመድ ቤት ይደሩ።