ብዙ ድምፅ ያገኘው ለምን ይሸነፋል? ስለ ማኅበራችሁ ምርጫ ለተጠየቀው መልስ

እህቴ፣ ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት ማኅበራችሁ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከአምስት ዕጩዎች መካከል አንድ ሊቀመንበር፣ በተጨማሪም ሰባት የሥራ አስፈፃሚ አባላት ሊመርጥ ነው። አንድ አባል ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልን በቅደም ተከተል እየጻፍን እንምረጥ ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ብዙ ድምፅ ያገኘ ሰው የሚሸነፍበት አሠራር ማጭበርበር ነው ብለው ተቃውመዋል። እኔ በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሳለሁ መርጫለሁ፤ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለችው ኦክላንድ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ በቅደም ተከተል መርጫለሁ፤ በዕድራችንም ሁለት ጊዜ ድምፅ ቆጣሪ ሆኛለሁና ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎት።

የተቃዋሚዎቹ ስሜት ይገባኛል። ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 እንደተደነገገው በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ዕድራችንም መጀመሪያ የመረጠው በዚሁ መንገድ ነበር። 140 ሰው ድምፅ ሰጠ፤ አምስቱ ዕጩዎች 46፣ 34፣ 28፣ 20 እና 12 አገኙ፤ ባለ 46ቱ ሊቀመንበር ሆኑ። ቆጠራው ንጹሕ ነበር፤ ማንም አልተጭበረበረም። ይሁን እንጂ 94 ሰው የመረጠው ሌላ ሰው ነበር፤ ከዚህም በላይ 34 እና 28 ያገኙት ሁለቱ ወርኃዊ መዋጮው እንዳይጨምር የሚሟገቱ፣ የአንድ ሐሳብ ሰዎች ስለነበሩ ደጋፊዎቻቸው ለሁለት ተከፈሉ እንጂ ሐሳባቸውስ 62 ድምፅ ነበረው። አዲሱ ሊቀመንበር በመጀመሪያው ስብሰባ መዋጮው ይጨመር ሲሉ የተነሣውን ጭቅጭቅ ለማብረድ ዓመት ፈጅቶብናል፤ በመሀሉ ጥለውን የወጡ ቤተሰቦችም አሉ።

በሚቀጥለው ጊዜ በቅደም ተከተል መረጥን። አራት ዕጩ ቀርቦ 132 ሰው ድምፅ ሲሰጥ የአንደኛ ምርጫው ውጤት 51፣ 38፣ 30 እና 13 ሆነ። ከግማሽ በላይ ለመያዝ 67 ያስፈልግ ስለነበር ማንም አልደረሰም። ስለዚህ ባለ 13ቱን አስወጥተን ወረቀቶቻቸውን አንድ በአንድ እየገለጥን ሁለተኛ ብለው ለጻፉት ሰው ሰጠን፤ 3 ለመጀመሪያው፣ 2 ለሁለተኛው፣ 7 ለሦስተኛው ደረሰ፤ አንዱ ወረቀት ሌላ ስም አልነበረውም። ውጤቱ 54፣ 40 እና 37 ሆነ። ቀጥሎ ባለ 37ቱ ሲወጡ 9ኙ ወደ መጀመሪያው፣ 25ቱ ወደ ሁለተኛው ሄዱ፤ 3 ወረቀቶች ቀሪ ስም አልነበራቸውም። በመጨረሻም 65 ለ63 ሆነና መጀመሪያ በ13 ድምፅ ሲመሩ የነበሩት ተሸነፉ። አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቶቹ በሁሉም ፊት ስለተገለጡና እያንዳንዱ ዙር በሰሌዳ ላይ ስለተጻፈ ተሸናፊው ራሳቸው ተነሥተው አሸናፊውን ጨበጡ።

ይህ ነገር በትልልቅ ምርጫዎችም ያጋጥማል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኦክላንድ ከንቲባዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሥርዓት ስትመርጥ ከአሥር ተወዳዳሪዎች ዶን ፔራታ በአንደኛ ምርጫ 34 በመቶ ገደማ ይዘው ይመሩ ነበር፤ ጂን ኳን ግን 24 በመቶ ገደማ ብቻ ነበራቸው። ኳን በቅስቀሳቸው የሌሎቹን ዕጩዎች ደጋፊዎች “ሁለተኛ አድርጋችሁ ጻፉኝ” እያሉ ይለምኑ ነበር። ሦስተኛ የነበሩት ሬቤካ ካፕላን ሲወጡ አብዛኛው ድምፃቸው ወደ ኳን ዞረና 51 ለ49 በመቶ አሸነፉ። ያን ጊዜ ብዙ የሀገራችን ሰዎች የእርስዎ ማኅበር አባላት ያሉትን ቃል በቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሥርዓቱ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በዕድራችን ያሸነፈው 65 ድምፅ ከ132ቱ ግማሽ አይሞላም፤ አራት ወረቀቶች በመንገድ ላይ ስላለቁ ነው። በኦክላንድም በዚያ ዓመት መራጩ ከሦስት ስም በላይ መጻፍ ስለማይፈቀድለት ከ10 ሺህ በላይ ወረቀቶች እስከ መጨረሻው ዙር ሳይደርሱ ቀርተዋል። ስለዚህ “አሸናፊው የአብዛኛውን ድጋፍ ያገኛል” ተብሎ የሚነገረው የሚሠራው በመጨረሻው ዙር ለተቆጠሩት ወረቀቶች ብቻ መሆኑን ለአባላቱ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ሌላው አማራጭ ሁለቱን መሪዎች ብቻ ለሁለተኛ ዙር ማቅረብ ነው፤ ሆኖም ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳየችው የግራው ወገን ድምፅ በብዙ ዕጩ ሲበታተን የግራው ዋና ዕጩ ሊዮኔል ዦስፓን በ16 በመቶ ገደማ ሦስተኛ ሆነው ከሁለተኛው ዙር ቀሩ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፤ ምሳ ከቀረበ በኋላ ሁለተኛ ዙር የሚጠብቅ አባል ጥቂት ነው። ለሊቀመንበሩ እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን ነው።

የሥራ አስፈፃሚው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ እንዲያውም ከሊቀመንበሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። እያንዳንዱ አባል ሰባት ስም እንዲጽፍ ከተፈቀደለት አንድ ላይ የተስማማ 55 በመቶ ሰባቱንም ወንበር ይወስዳል። አዲስ አበባ ይህን በሁለቱም አቅጣጫ አይታዋለች፤ በ1997 ዓ.ም. የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት የከተማዋን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ወሰደ፤ በ2002 ዓ.ም. ግን ከዚያው 23 ወንበር ተቃዋሚው ያገኘው አንድ ብቻ ነበር። የ2002ቱ ውጤት ብዙ ሌላ ምክንያት ነበረው፤ ያም ሆኖ የሕዝብ ሐሳብ የወንበሩን ያህል ከጫፍ ጫፍ አይገለበጥም። እስራኤል ያሉ ዘመዶቼ የሚመርጡበት ተመጣጣኝ ውክልና ይህን ያስቀራል፤ 120 ወንበሮች በድምፅ ልክ ለፓርቲዎች ይከፈላሉ፤ ከ3.25 በመቶ በታች ያገኘ ብቻ ምንም አያገኝም። የእናንተ ማኅበር ግን ፓርቲ ስለሌለው ቀለል ያለው መንገድ እያንዳንዱ አባል ለሰባቱ ወንበር ሦስት ስም ብቻ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። እኛ ይህን ካደረግን ወዲህ ከአንድ ሰፈር ወይም ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ብቻ ኮሚቴውን ሞልተውት አያውቁም።

ደንቡን ዕጩዎች ከመታወቃቸው በፊት አጽድቁት፤ ስም ከታወቀ በኋላ ሁሉም የሚደግፈው ለወዳጁ የሚጠቅመውን ቀመር ነው። አንደኛ ምርጫው ባዶ ሆኖ ሁለተኛው ብቻ የተሞላ ወረቀት ምን ይደረጋል የሚለውም በጽሑፍ ይቀመጥ። እኛ ሁለተኛውን እንደ አንደኛ ቆጥረነዋል። ጥቃቅን ነገር እንዳይመስልዎት፤ በኦክላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ለትምህርት ቦርድ በተደረገ ምርጫ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች በተሳሳተ መንገድ ተቆጥረው፣ ትክክለኛው አሸናፊ ሌላ ሰው መሆኑ የታወቀው ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ ነበር።