«ከኔ ጋር ስትሆን ብቻ ነው የማትበላው»

ሰላም እትዬ እንዴት ሰነበቱ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ትዕግስቴ ተሟጦ ስላለቀ ነው። ልጄ 2 ዓመት ከ5 ወሯ ነው፣ ቁርስ የሚባል ነገር አልበላም ብላኛለች። አጃ በወተት እሰራለሁ፣ ሙዝ እቆራርጥበታለሁ፣ እንቁላል እጠብሳለሁ፣ ዳቦ ላይ አቮካዶ እቀባለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ ጤናማ የልጆች ቁርስ ተብሎ ያየሁትን ሁሉ ሰርቻለሁ፣ እሷ ግን አንዴ አየት ታደርገውና ፊቷን ታዞራለች። ማንኪያ ሳስጠጋላት አፏን ግጥም። አጃውን በጣቷ ትነካካዋለች፣ ሙዙን ጨፍልቃ ጠረጴዛው ላይ ትለቀልቀዋለች፣ እኔም ቶሎ ቶሎ እጇን እጠርግላታለሁ፣ ስራ እየረፈደብኝ ልብሷን እንደገና ስቀይር ልውል ነው እንዴ? መጨረሻ ላይ ስልኬን ከፍቼ ካርቱን ላይ ፍዝዝ ስትልልኝ ትንሽ ትንሽ አጎርሳታለሁ።

በዚህ ላይ ደግሞ የመዋያዋ አስተማሪ «ሴንሰሪ ፕሌይ ቤትም አጫውቷት፣ በእጇ የምትነካካው፣ የምታሸተው ነገር ስጧት» አለችኝ። ቁርስ አብልቼ መውጣት ላቃተኝ ሰው አሸዋና ቀለም ማቅረብ ከየት በመጣ ጊዜ ነው?

ባለፈው አክስቷ ጋ አድራ ነበር፣ ጠዋት እንቁላል በላች አሉኝ፣ ያውም ራሷ፣ ግን ከጸጉሯ እስከ ካልሲዋ እንቁላል በእንቁላል ሆና ነው ያገኘኋት፣ ግማሹም መሬት ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ እሱን አልቆጠርኩትም። ቤት ግን ስትነቃ አልጋዋ ላይ እንዳለች አንድ ጡጦ ሙሉ ወተት ስለምትጠጣ ቢያንስ በባዶ ሆዷ አትወጣም ብዬ እጽናናለሁ።

እናቴ «በግድ አጉርሻት» ትላለች፣ ባለቤቴ «ተያት ሲርባት ትበላለች» ይላል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ከኔ ጋር ስትሆን ብቻ ነው የማትበላው። እኔ ምን አድርጌያት ነው? ጠልታኝ ይሆን እንዴ?

የደከማት እናት

*

የኔ እህት፣ ያንን አልቆጠርኩትም ያልሽውን እንቁላል ቁጠሪው። ግማሹ መሬት ላይ ከቀረ ግማሹ ሆዷ ገብቷል። ልጅሽ መብላት ትችላለች፣ አልጠላችሽምም፣ ይሄን ሀሳብ ዛሬውኑ ከጭንቅላትሽ አውጪው። አክስቷ ቤት ያገኘችው አንቺ ጋ ያጣችው አንድ ነገር መቆሸሽ መፈቀዱ ነው።

ከ2 ዓመት ጀምሮ እስከ 6 ዓመት ገደማ ልጆች አዲስ ምግብ መፍራታቸው የተለመደ ነው፣ አንዳንዱን ምግብ እሺ ብለው እስኪቀምሱት ከ8 እስከ 15 ጊዜ ሊቀርብላቸው ይችላል። በዛ መሀል ምን ያደርጋሉ? ይነካሉ፣ ያሸታሉ፣ ይጨፈልቃሉ፣ ይልሱና ይተፋሉ። ሙዙን ስትለቀልቀው እያወቀችው ነው። አንቺ ደግሞ እዛ ላይ ስትደርስ ጨርቅ ይዘሽ ትመጫለሽ! እባክሽ በልታ ሳትጨርስ እጇን አትጥረጊ። አስተማሪዋ ያለችሽ ሴንሰሪ ፕሌይም ሌላ ተጨማሪ ስራ አይደለም፣ ልጅሽ ጠዋት ጠዋት የጀመረችውን ነው አንቺ የምታስቆሚያት።

እረፍት ባለሽ ቀን፣ ገላዋን ልታጥቢያት ስትይ፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ ዘርጊና የተቀቀለ እንቁላል ስጫት። ጠረጴዛው ላይ ታንኳኳው፣ ሲሰነጠቅ ትስማው፣ ቅርፊቱን በጥፍሯ እየፈለቀቀች ከስር ያለችውን ስስ ሽፋን ትሳባት፣ ነጩን ትጫነው፣ አስኳሉ በጣቶቿ መሀል ይፈርፈር። ሌላ ቀን እርጎ ላይ የተፈጨ እንጆሪ ጨምረሽ ትሪ ላይ በጣቷ ትሳልበት፣ ወይ ደረቅ አጃ በሳህን አድርገሽ ከኩባያና ከማንኪያ ጋር ስጫትና ስትገለብጥ ትዋል። «እስቲ ቅመሺው» ግን እንዳትያት፣ እንደዛ ካልሻት ጨዋታው አበቃ። አጠገቧ ሆነሽ አንቺም ላጪ፣ ብይ። ብቻ ጥሬ ዱቄት አይሁን፣ ውሃ ውስጥ የሚያብጡት የጄል ኳሶችማ ጭራሽ ቤትሽ አይግቡ፣ ከዋጠቻቸው አንጀቷ ውስጥ አብጠው ሊዘጉት ይችላሉ። ወይን ከሰጠሻት በቁመቱ አራት ቦታ ሰንጥቂው፣ ያልተፈጨ ለውዝም ገና ነው፣ ያንቃታል።

አሁን ልቆጣሽ። ጡጦ ሙሉ ወተት አልጋዋ ላይ ጠጥታ የተነሳች ልጅ በምን ሆዷ ነው አጃ የምትበላው? የጠላችው ቁርሱን ሳይሆን ጠግባ ነው። ወተት ጥሩ ነው፣ ግን ለደም የሚያስፈልገው አይረን የሚባለው ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፣ ሲበዛ ደግሞ ከሌላ ምግብ የምታገኘውንም ያሳንስባታል፣ በዚህ እድሜ ደግሞ በቀን 7 ሚሊግራም አይረን ያስፈልጋታል። በቀን ከግማሽ ሊትር እንዳያልፍ። ጡጦውንም አስወጪው፣ እንደውም ዘግይቷል፣ ጥርሷንም ይጎዳል። ስትነቃ ውሃ፣ ወተቱን በኩባያ ከምግቡ ጋር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ታለቅሳለች፣ ቻይው።

እናትሽን አትስሚያት፣ በግድ የጎረሰች ልጅ ምግቡን ይብስ ትጠላዋለች። ባለቤትሽም «ተያት» ብሎ መገላገል አይችልም። ኤለን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የስነ ምግብ ባለሙያ የማብላቱን ስራ ለሁለት ከፍላዋለች፣ ምን፣ መቼ፣ የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፣ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ። እኔ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ስልኩን አጥፊው፣ ካርቱን ላይ ፈዛ የምትጎርስ ልጅ መጥገቧን አታውቀውም። ትንሽ ከበላችም አትደንግጪ፣ ህጻን በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ 3 እጥፍ ይሆንና በሁለተኛው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብቻ ነው የሚጨምረው፣ የምግብ ፍላጎቷ መቀነሱ ከዛ ነው። ፊቷ ገርጥቶ ወይ ቶሎ ቶሎ እየደከማት ከሆነ ግን ሀኪም ጋ ውሰጃትና ደሟ ይታይ።

ስለ ልብሱ ደግሞ፣ ቁርሷን በፒጃማዋ ትብላ። የምትወጣበትን ልብስ በልታ ከታጠበች በኋላ ነው የምታለብሻት፣ አንቺም የስራ ልብስሽን እንደዛው።