ኳሷ ሄዘር ውስጥ ገባች፦ ስለ እንግሊዝ የሂዝ ጎልፍ ሜዳዎች ጥያቄና መልስ

ከለንደን ወጣ ብሎ ሰሪ ውስጥ ለስምንት ዓመት ካዲ ሆኜ የሰው ቦርሳ ተሸክሜያለሁ። አሁን የራሴን እጎትታለሁ። ስለ ሂዝላንድ ሜዳዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ። እንጀምር።

ጥያቄ፦ ሂዝላንድ ምንድን ነው? ሣር ሣር ነው፣ ከሌላው ሜዳ በምን ይለያል?

መልስ፦ በመሬቱ ነው የሚለየው። ሂዝ አሸዋማና አሲዳማ፣ ለእርሻ የማይሆን ምድር ነው። ስንዴ ብትዘራበት ያሳፍርሃል። የሚበቅልበት ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ፣ ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ ጎርስና እዚህም እዚያም ጥድ ነው። ሰሜን ተራራ ወይም ባሌ የወጣ ሰው አስታን ያውቃል አይደል? ሄዘር የአስታ ዘመድ ነው። አስታ ግን ዛፍ ያህላል፣ ሄዘር ከጉልበት እምብዛም አያልፍም።

ይሄ መናኛ መሬት ለጎልፍ ወርቅ ነው። አሸዋው ውሃውን ይውጠዋል። እኔ የጀመርኩት ጭቃ አፈር ላይ ነው። ጥር ላይ ኳሷ ባረፈችበት ትቀበራለች፣ ጫማህ ዋልካ ላይ እንደዋለ ገበሬ ጫማ ይከብዳል። ሂዝ ላይ ግን ዝናብ ባባራ በሰዓቱ ኳሷ መሬት ስትነካ “ጠክ” ትልና ትሮጣለች። ያችን “ጠክ” የሰማሁ ቀን ነው ወደ ድሮው ሜዳ ላልመለስ የማልኩት።

ጥያቄ፦ እዚያ ጎልፍ መጫወት ለማን ነው የታየው?

መልስ፦ ስኮትላንዶች ጎልፍን የሚጫወቱት ባሕር ዳር ባለ አሸዋ ላይ ነበር። ጨዋታው ወደ ለንደን ሲመጣ ግን ጭቃ ጠበቀው። በ1893 የለንደን ጠበቆች ዎኪንግ ሄደው ሄዘሩ መሃል ሜዳ አቋቋሙ። ባቡሩ ስላለ መመላለሱ አይከብድም። በ1901 ደግሞ ዊሊ ፓርክ የሚባለው፣ የብሪታንያ ኦፕን የሚባለውን ትልቅ ውድድር ሁለቴ ያሸነፈው ሰው፣ ሰኒንግዴል ላይ የሠራው ሜዳ ተከፈተ። በ1904 ኸርበርት ፋውለር የነደፈው ዋልተን ሂዝ ተከተለ። ኦፕንን አምስት ጊዜ የበላው ጄምስ ብሬድ በ1950 እስኪሞት ድረስ የዋልተን ሂዝ ቅጥር የጎልፍ ባለሙያ ነበር። አርባ ስድስት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት! ጡረታ የሚባል ነገር የነገረው የለም መሰለኝ።

ጥያቄ፦ ኳሴ ሄዘር ውስጥ ከገባች ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይሄን አምስት ሰው ጠይቆኛል፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ ፈልጋት። ያለህ ሦስት ደቂቃ ነው። ኳሷ ጠፍታ ሳይሆን ቅርንጫፉ ሥር ሰምጣ ነው። በሩቁ ብትቃኝ አትታይም፣ በላይዋ ቆመህ ቁልቁል ካላየህ በስተቀር። እየፈለግህ ሳታስበው ብትነካት ቅጣት የለውም፣ ወደ ቦታዋ ትመልሳታለህ። ሄዘሩን መንቀል ወይም ሰብሮ መንገድ መጥረግ ግን ክልክል ነው።

አገኘሃት እንበል። አሁን ነው ጉዱ። ሄዘር ሲያዩት ለስላሳ ነው፣ በነሐሴ ሐምራዊ አበባውን ሲያወጣ እንኳን ልትፈራው ፎቶ ልታነሳው ነው የሚያምርህ። ግንዱ ግን ሽቦ ነው። ዱላህ ሲገባ አንገቱን ይጠመጥመዋል። የዱላው ፊት ይዘጋል፣ ቀኝ እጅ ከሆንክ ኳሷ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ያውም ከሄደች። አንድ ጡረተኛ ደንበኛ ነበረኝ። “5 ቁጥር ስጠኝ፣ ግሪኑ ላይ አደርሳታለሁ” አለኝ፣ ጉድጓዱ ያለበት ሣር ላይ ማለቱ ነው። የዱላው ቁጥር ሲያንስ ኳሷ ሩቅ ትሄዳለች፣ ሲበዛ ዱላው ያጥራል። “ጌታዬ፣ 9 ቁጥር ይሻላል” አልኩት። አልሰማኝም። አራት ጊዜ መታ። ኳሷ ሁለት ክንድ ሄደች። ለአምስተኛው ምት 9 ቁጥሩን ሳልጠየቅ አቀበልኩት፣ እሱም ዝም ብሎ ተቀበለኝ።

ስለዚህ መውጣት እንጂ መድረስን አታስብ። አጭር ዱላ ያዝ። ጠበቅ አድርገህ ጨብጥ፣ ፊቱን ትንሽ ከፈት አድርገው፣ ከላይ ወደ ታች ምታ። ጉድጓዱ ላይ የተተከለውን ባንዲራ እርሳው። ወደ ፌርዌይ (ሣሩ ወደታጨደው የሜዳው መሃል) የሚወስደው አጭሩ መንገድ የት ነው? ወደ ጎን ይሁን፣ ወደ ኋላም ይሁን፣ በዚያ ውጣ።

ጭራሽ የማትመታ ከሆነች አንድ ምት ተቀጥተህ ሦስት ምርጫ አለህ። በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትቀርብ ትጥላታለህ። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ከሄዘር ወደ ሄዘር ነው። ወይም ኳሷንና ባንዲራውን በመስመር ይዘህ የፈለግከውን ያህል ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ወይም መጀመሪያ ከመታህበት ትደግማለህ። ሰው ሦስተኛውን ይንቀዋል። አንዳንዴ የሚያዋጣው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የአሸዋ ጉድጓድ ስወድቅ እጄ ይንቀጠቀጣል። አሸዋ የሌለበት የለም?

መልስ፦ አለሽ እህቴ! ሮያል አሽዳውን ፎረስት፣ ሰሴክስ። በ1888 የተመሠረተ ነው፣ አንድም ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) የለውም። ደኑን የሚጠብቁት ሰዎች መሬቱ እንዲቆፈር ስላልፈቀዱ ነው። ቀላል ነው ብለሽ እንዳትሄጂ ግን። ጅረት አለ፣ ጉብታ አለ፣ ሄዘሩ ደግሞ የባንከሩንም ድርሻ ይሠራል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ስጫወት በ7 ቁጥር 150 ሜትር እመታለሁ። እንግሊዝ ስመጣ አቅሜ ይቀንሳል?

መልስ፦ አየሩ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፣ ኳስ ብዙም አይይዝም። እዚህ ሲወርዱ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 150ው 136 ሜትር ግድም ይሆናል። እንግሊዞች ደግሞ የሚለኩት በያርድ ነው፣ 136 ሜትር 150 ያርድ ያህል ነው። ቁጥሩን እንዳለ ያዘው፣ ሜትሩን ብቻ ያርድ በለው።

ጥያቄ፦ አባል ሳልሆን ያስገቡኛል? ስንት ነው?

መልስ፦ አብዛኞቹ በሥራ ቀን እንግዳ ይቀበላሉ። ስልክ ደውል፣ ሃንዲካፕህን (የችሎታ መለኪያ ቁጥርህን) ሊጠይቁህ ይችላሉ። ኮሌታ ያለው ቲሸርት ልበስ፣ ጂንስ ቤት ይቅር። ታዋቂዎቹ በጋ ላይ ከ200 ፓውንድ በላይ ናቸው፣ ኪስ ያራግፋሉ። በብርዱ ወራት ዋጋው ይወርዳል፣ አሸዋው ደግሞ ያኔም ደረቅ ነው። እኔ ብሆን ያኔ ነው የምሄደው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ንገረን። እኛን ሲያዩ ፊታቸው እንዴት ነው?

መልስ፦ እውነቱን? መጀመሪያ ለመጫወት በሄድኩበት ክለብ በር ላይ ያለው ሰውዬ “ዕቃ ማስረከቢያው በጀርባ ነው” አለኝ። ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር እኮ! ቀጠሮዬን ሳሳየው ቀላ። ይቅርታ ጠየቀ፣ እኔም ገባሁና ተጫወትኩ። ያን ቀን ሜዳውን በ94 ምት ጨረስኩ (ጎልፍ ላይ ሲያንስ ነው የሚሻለው)፣ ሰበቡን እስካሁን በእሱ ነው የማላክከው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሄጃለሁ፣ አብዛኛው ሰው ጨዋ ነው። እነሱን የሚያናድዳቸው ቀስ ብሎ መጫወት ነው። ቶሎ ተራመድ፣ ወዳጅ ታፈራለህ።

ጥያቄ፦ ተፈጥሮ እንጠብቃለን እያሉ ዛፍ ይቆርጣሉ። ይሄ ምን ይባላል?

መልስ፦ ልክ ናቸው። ሂዝ ገላጣ ሆኖ የኖረው ሰው ከብት ስላሰማራበትና ማገዶ ስለቆረጠበት ነው። ግጦሹ ሲቀር በርች የሚባል ዛፍና ጥድ ወረሩት፣ ጥላ ደግሞ ሄዘርን ይገድላል። የዚህ አገር ቆላማ ሂዝ ከ1800 ወዲህ አብዛኛው ጠፍቷል። ዛፉ ሲነሳ ሄዘሩ ይመለሳል፣ እንሽላሊቱና ወፉም ይከተላል። ሄዘር ማዳበሪያም አይወድም፣ ድሃ አፈር ነው የሚስማማው።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ብቻ ቢኖረኝ የት ልሂድ?

መልስ፦ ገንዘቡ ካለህ ሰኒንግዴል፣ ኦልድ የሚባለው ሜዳው። በ1926 ታላቁ አሜሪካዊ ተጫዋች ቦቢ ጆንስ ለኦፕን ማጣሪያ እዚያ 66 መታ። 33ቱ ፐት (ግሪን ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልል ምት)፣ 33ቱ ሌላ ምት። ያውም በእንጨት ዱላ። አንተ የዛሬውን ይዘህ 90 ስትመታ አትዘን።

ጥያቄ፦ ውሻ ይዞ መግባት ይቻላል?

መልስ፦ ብዙዎቹ ጋ ይቻላል፣ እንደውም ደስ ይላቸዋል። ያ 5 ቁጥር የጠየቀኝ ጡረተኛ ቡኒ ውሻ ነበረው። ሄዘር ውስጥ የገባች ኳስ ከእኔ ቀድሞ ያገኛል፣ ጉርሻው ግን ለእኔ ነበር የሚሰጠው።